የዩኒቨርሲቲን ድረ ገጽ ለሚከፍተው ሰው ብሎ እንደገና መሥራት

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን አንድ የአርባ ምንጭ ልጅ «ድሬ ደረሰኝ» ይላል። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ይጀምራል። መግቢያው መቼ ነው? ምን ይዤ ልሂድ? ከባቡር ጣቢያው እስከ ግቢው በምን ይኬዳል? ያን ያህል የሚሞቅ ከሆነ ብርድ ልብስ ምን ያደርግልኛል? እናቱም አጠገቡ ቁጭ ብላ «ወባ አለ ወይ? እሱን እይልኝ» ትለዋለች።

እስቲ የዩኒቨርሲቲያችሁን ድረ ገጽ በስልክ ክፈቱና የእነዚህን አምስት ጥያቄዎች መልስ ፈልጉ። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ገጾች ሲከፈቱ ቀድሞ የሚመጣው የሚሽከረከር የምረቃ ፎቶ ነው። ቀጥሎ የፕሬዝዳንቱ መልዕክት፣ ራዕይ፣ ተልዕኮ። ልጁ የሚፈልገው ነገር ካለም «ማስታወቂያ» ከሚለው ሥር ስካን የተደረገ ደብዳቤ ሆኖ ተቀምጧል። ስለዚህ ገጹን ዘግቶ ቴሌግራም ላይ ያገኘውን ሰው ይጠይቃል። ያ ሰው ልክ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም።

ይህ መመሪያ ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ በዩኒቨርሲቲ አይሲቲና ሕዝብ ግንኙነት ለምትሠሩ ነው። ብዙ ብር አይጠይቅም። ትዕግሥትና የአመራር ድጋፍ ግን ይጠይቃል።

1. መጀመሪያ ጥያቄ ሰብስቡ

ዲዛይነር ከመፈለጋችሁ፣ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ደብተር ያዙ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሰው የሚጠይቅባቸው ቦታዎች ላይ ቁሙ። አንደኛው የግቢው በር ነው። ጥበቃዎች ሰው ምን ፈልጎ እንደሚመጣ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ግን የሚጠይቃቸው የለም። ሁለተኛው የሬጅስትራር መስኮት ነው። ሦስተኛው የተቋሙ የቴሌግራም ቻናል ላይ ከማስታወቂያ ሥር የሚጻፈው አስተያየት ነው። አራተኛው የሕዝብ ግንኙነት ስልክ።

ጥያቄውን ሰውየው በተናገረበት ቃል ጻፉት። «ቴምፖዬን (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) ወንድሜ ሊያወጣልኝ ይችላል?» ካለ እንደዚያው ይጻፍ። «የተማሪዎች ሪከርድ አገልግሎትን በተመለከተ» ብላችሁ እንዳትቀይሩት። በኋላ የገጹ ርዕስ የሚሆነው እሱ ራሱ ነው፤ ሰው ጉግል ላይም የሚጽፈው እንደሚናገረው ነው። በምን ቋንቋ እንደጠየቀም ከጎኑ ምልክት አድርጉ። ይህ ምልክት ወደፊት ትልቅ ክርክር ያስቀርላችኋል።

ደብተሩ ሲሞላ ጠያቂዎቹ ራሳቸው በቡድን በቡድን ይለያሉ። አዲስ የተመደቡና ቤተሰቦቻቸው አሉ። ግሬድ፣ ክሊራንስ፣ ዊዝድሮዋል የሚሉ ነባር ተማሪዎች አሉ። ትራንስክሪፕትና የወጪ መጋራት ጉዳይ ያለባቸው ተመራቂዎች፣ የትምህርት ማስረጃ ማጣራት የሚፈልጉ ቀጣሪዎች፣ የጨረታና የሥራ ማስታወቂያ የሚከታተሉም አሉ። ሆስፒታል ያለው ተቋም ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚጨነቀው ጠያቂ ታካሚው ነው። ሐረር ያለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ለምሳሌ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው የሚሠራው። እንዲህ ባለ ተቋም ገጽ ላይ ሪፈር ተጽፎለት ከገጠር የሚመጣ ሰው የትኛው ክፍል በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ማወቅ መቻል አለበት።

2. የቢሮውን መዋቅር ከሜኑ አውጡ

ከባዱ ሥራ ይህ ነው። ኮዱ ከዚህ ይቀላል።

አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ሜኑ የተቋሙን መዋቅር ይከተላል። የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዝዳንት፣ ከሥሩ ዳይሬክቶሬት፣ ከሥሩ ቡድን። ይህን የሚያውቀው ውስጥ ያለ ሠራተኛ ብቻ ነው። ትራንስክሪፕት የፈለገች ተመራቂ ጉዳይዋ በየትኛው ምክትል ፕሬዝዳንት ሥር እንዳለ የምታውቅበት ምክንያት የለም።

እንዲህ አድርጉ። ከሰበሰባችኋቸው ጥያቄዎች ደጋግመው የመጡትን ሠላሳ ወይም አርባ ያህል ምረጡ። እያንዳንዱን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ተማሪዎችን ቁጭ አድርጉና «አብረው መሆን ያለባቸውን አንድ ላይ ክመሩ፣ ለክምሩም ስም ስጡት» በሏቸው። ከተመራቂዎችና ከወላጆችም ጋር ድገሙት። እናንተ አትናገሩ፤ ወረቀቱን ብቻ ተመልከቱ። የሚወጡት ስሞች ከሞላ ጎደል የሜኑአችሁ ስሞች ናቸው። «አዲስ ለተመደባችሁ»፣ «ተማሪ ነኝ»፣ «ተመርቄያለሁ»፣ «ሥራና ጨረታ»፣ «ምርምር»፣ «ስለ ዩኒቨርሲቲው» የሚል ዓይነት ይሆናል። ከስድስት ሰባት በላይ አይብዛ። ስልክ ላይ ረጅም ሜኑ ማንም አያነብም።

ቀጥሎ አመራሩ ይመጣል። እያንዳንዱ ኮሌጅ የፊት ገጹ ላይ ቦታ ይፈልጋል። የፕሬዝዳንቱ መልዕክት ለምን ወረደ የሚልም አይጠፋም። እዚህ ላይ በጣዕም አትከራከሩ። «ይህ ያምራል፣ ያ አያምርም» ከተባለ ሥልጣን ያለው ያሸንፋል። ደብተሩን አውጡ። «በር ላይ ከመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ራዕያችንን የጠየቀ የለም» በሉ። ከተቻለ አንድ ተማሪ አሁን ባለው ገጽ ላይ የመግቢያ ቀን ሲፈልግ፣ ሲጠፋው፣ ሲመለስ፣ በፈቃዱ በስልክ ቀርጻችሁ አሳዩ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የልጁን መቸገር ያየ ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል፤ ጉዳዩ ወደ ልቡ ይገባል። የፕሬዝዳንቱ መልዕክትም ይቅር አትበሉ፤ «ስለ ዩኒቨርሲቲው» ውስጥ ክብር ያለው ቦታ ስጡት።

3. አንድ ገጽ ብቻ በደንብ ጻፉ

ሁሉንም በአንዴ አትጀምሩ። የአዲስ ገቢዎችን ገጽ ውሰዱና ተጠበቡበት። ይህ ገጽ ለቀሪዎቹ ሁሉ መለኪያ ይሆናል።

የተለመደው ማስታወቂያ «በተያዘው የትምህርት ዘመን ወደ ተቋማችን የተመደባችሁ ተማሪዎች በሙሉ…» ብሎ ይጀምርና ቀኑ አራተኛው መስመር ላይ ይደበቃል። ቀኑን ወደ ላይ አምጡት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የመግቢያ ቀን፦ ጥቅምት 18 እና 19። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ግቢ በር ላይ እንቀበላችኋለን።
ይዛችሁ የምትመጡት፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ 3 በ 4 ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ ብርድ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ።
ሪሜዲያል የተመደባችሁ፦ የእናንተ ቀን ሌላ ነው፤ እዚህ ተመልከቱ።»

ከዚህ በኋላ ደብዳቤ የማይጽፈውን ጻፉ። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ፣ በባቡር የሚመጣ ልጅ ከዚያ በምን እንደሚገባና ባጃጅ ስንት አካባቢ እንደሚጠይቅ። በአውቶብስ የሚመጣው የት እንደሚወርድ። ማታ ከደረሰ ለማን እንደሚደውል። ስለ አየሩም እውነቱን ንገሩት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ከደጋ የሚመጣ ልጅ ቀለል ያለ ልብስ ያስፈልገዋል። ሐረማያ የተመደበው ደግሞ ጃኬት ይያዝ፤ ያ ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ 2,000 ሜትር አካባቢ። ሁለቱ ቅርብ ናቸው ብሎ አንድ ዓይነት ልብስ ጭኖ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም። ስለ ወባም ደብቃችሁ አትለፉ። አጎበር ይሰጣል ወይስ ይዞ ይምጣ? ከታመመ ክሊኒኩ የት ነው? እናት የምትፈልገው ይህን ነው።

የተመደቡ ተማሪዎችን ስም ዝርዝር ከነ መለያ ቁጥራቸው በፒዲኤፍ መለጠፍ ግን አቁሙ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ተማሪው የራሱን ቁጥር አስገብቶ የራሱን ዶርም ብቻ የሚያይበት ቀላል ቅጽ ሥሩ። ውጤትም እንደዚሁ።

4. ቋንቋ

ድሬ ላይ አንድ ታክሲ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ መስማት የዕለት ኑሮ ነው። ሐረር ላይ ሐረሪ ይጨመራል። የዩኒቨርሲቲው ገጽ ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ልጁ ይረዳው ይሆናል፤ አባቱ ግን አይረዳውም።

ሁሉን ነገር በአራት ቋንቋ እንሥራ ማለት ደግሞ በሁለት ወር ያስቆማችኋል። ምልክት ያደረጋችሁበትን ደብተር ተመልከቱ። ቤተሰብ የሚያነባቸውን ገጾች ለዩ፤ የመግቢያ፣ የጤና፣ የአድራሻ፣ የቅሬታ። እነሱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አዘጋጁ። የምርምርና የድኅረ ምረቃ ገጾች በእንግሊዝኛ ይሁኑ። በየጊዜው ልታድሱት የማትችሉትን አትተርጉሙ፤ ያለፈ ዓመት ቀን የያዘ ትርጉም ልጁን ያሳስተዋል። ትርጉሙን ለማሽን ብቻ አትተዉት፤ የቋንቋ ትምህርት ክፍሎቻችሁ ያንብቡት። የቋንቋ መምረጫው ላይ ባንዲራ አይኑር፤ የቋንቋው ስም በራሱ ፊደል ይጻፍ። ኦሮምኛው በቁቤ፣ ሶማልኛውም በላቲን ፊደሉ።

5. ፊደል፣ ቀን፣ ስም

እዚህ ላይ የውጭ ቴምፕሌት ገዝቶ መጫን ችግር ያመጣል። ለእኛ የተሠራ አይደለምና።

በመጀመሪያ፣ የድሮ ሰነዶቻችሁን ፈትሹ። በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ካልሆነ ገጹ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ በሰርችም አይገኝም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በሌላ ኮድ የሚጻፍበት በቂ ምክንያት የለም። ስካን የተደረገ ደብዳቤም ፎቶ ነው፤ ዓይነ ስውር ተማሪ የሚጠቀምበት አንባቢ ሶፍትዌር አያነበውም። ማኅተሙ የግድ ከሆነ ፒዲኤፉን ከታች አያይዙት፤ ጽሑፉን ግን ገጹ ላይ ጻፉት።

ፎንት ላይ አትጨነቁ። አንድሮይድ ስልኮች የግዕዝ ፎንት ይዘው ነው የሚመጡት። እሱን ተጠቀሙ፤ ዳታም ይቆጥባል። በመስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ግን ከእንግሊዝኛው ሰፋ አድርጉት፤ ፊደላችን ቁመቱ እኩል ስለሆነ ሲጠጋጋ ዓይን ይደክማል። ዘመም ያለ ጽሑፍ አማርኛ ላይ አያምርም፤ ለማጉላት ደማቁን ተጠቀሙ።

ሰርች ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ አድርጉ። ፕሮግራመሩ ይህን በጥቂት መስመር ኮድ ይሠራዋል። ካልተሠራ «ሥራ» ብላችሁ የጻፋችሁትን «ስራ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ምንም አልተገኘም» ይባላል። «ዩኒቨርሲቲ»ና «ዩኒቨርስቲ»፣ «ሬጅስትራር»ና «ሬጂስትራር»ም እንደዚያው።

ቀን ሁልጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቅደም፤ ለውጭ ተማሪና ተመራማሪ የፈረንጁ ከጎኑ ይግባ። ሰዓት ሲጻፍ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የሚለው አይቅር። «እስከ 6 ሰዓት» የሚል የማመልከቻ ቀነ ገደብ ስድስት ሰዓት ሙሉ ያምታታል። ቅጽ ላይም «የመጀመሪያ ስም፣ የቤተሰብ ስም» አትበሉ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ያለበለዚያ ግማሹ የአባቱን፣ ግማሹ የአያቱን ይሞላና ሬጅስትራር ስም ሲያስተካክል ይከርማል።

6. ለስልክ፣ ለዳታ፣ ለፀሐይ

ተማሪው የሚከፍተው በስልክ ነው፤ ዳታውም በካርድ የተገዛ ነው። በዩኒኮድ አንድ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ 3 ባይት ይይዛል። አንድ 4 ሜጋባይት የምረቃ ፎቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊደል ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ስለዚህ የሚሽከረከረውን ባነር አንሱት። ፎቶውን አሳንሳችሁ አስገቡ። ገጹን በቢሮ ዋይፋይ አትፈትኑት፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ቴክኖ ስልክ ላይ፣ በሞባይል ዳታ፣ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ምሽት ክፈቱት።

ቀለም ስትመርጡ ደግሞ የድሬን ፀሐይ አስቡ። ቀን 7 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያይ ልጅ በነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ አይታየውም። ዓለም አቀፉ መስፈርት ለተራ ጽሑፍ በቀለሙና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንጽጽር ይጠይቃል። እናንተ ከዚያም ከፍ አድርጉት።

7. ማንነታችሁን አሳዩ

አርማውንና ስሙን በእጃችሁ ሸፍኑ። የቀረው ገጽ የማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል? መልሱ አዎ ከሆነ ገና ብዙ ይቀራችኋል።

«የልህቀት ማዕከል» የሚለውን ቃል ሁሉም ይጽፈዋል። የእናንተ የሆነው ግን ቦታው ውስጥ አለ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተወለደች ከተማ ናት። ሐዲዱ፣ ደረቅ ወደቡ፣ ሲሚንቶና ጨርቃ ጨርቁ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናው አሉ። ኢንጂነሪንግና ሎጂስቲክስ የሚማር ልጅ ከግቢ ወጥቶ የሚያየው ይህን ነው። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ክረምት ሞልቶ ብዙ ሰው ወስዷል፤ ስለ ጎርፍና ስለ ውሃ ምርምር የሚሠራ መምህር ካላችሁ ሥራው የፊት ገጽ ላይ ይውጣ። ለከተማው ቅርብ የሆነው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎች የተገኙበት ነው። የታሪክና የአርኪዮሎጂ ትምህርት ያለው ተቋም ከዚህ የተሻለ መስህብ ከየት ያመጣል?

ሐረር በኩል ከሆናችሁ በግንብ የታጠረው ጥንታዊው ከተማ ጀጎል አለ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሐረማያም በ1940ዎቹ በዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትብብር የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ነው የተቋቋመው። ያ የእርሻ ሥር ዛሬ ለገበሬው ምን እያደረገ እንደሆነ አንድ ዝርያ፣ አንድ ማሳ፣ አንድ ገበሬ ይዛችሁ አሳዩ። ከአሥር መፈክር ይበልጣል።

ፎቶውም ከዚሁ ይመጣል። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ እጅ፣ ማታ ዛፍ ሥር የሚያጠኑ ልጆች፣ ከድሬ ሰፈሮች ከከዚራና ከመጋላ ለጥናት መረጃ የሚሰበስቡ ተማሪዎች። ሰው ስታነሱ ፈቃድ ጠይቁ። ከኢንተርኔት የተወሰደ የፈረንጅ ተማሪ ፎቶ አይግባ።

8. አምስት ሰው ይበቃል

ረቂቁ ሲደርስ ለሰው ስጡት። ያኮብ ኒልሰን የተባለው የአጠቃቀም ባለሙያ አምስት ሰው ብትፈትኑ አብዛኛው ችግር ይወጣል ካለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው፤ አሁንም ይሠራል። ግን ከየቡድኑ አምስት፦ አምስት አዲስ ገቢ፣ አምስት ተመራቂ፣ አምስት ወላጅ።

«ገጹ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የእኛ ሰው ይሉኝታ አለው፤ «ቆንጆ ነው» ይላችኋል። ሥራ ስጡት። «ትራንስክሪፕት ለማውጣት ምን ያስፈልግሃል? ፈልገህ ንገረኝ።» ከዚያ ዝም በሉ። ሲጠፋው አትጠቁሙት። የት እንደነካ፣ የት እንደተመለሰ ጻፉ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከጠፋ ጥፋቱ የገጹ ነው፤ አስተካክሉና እንደገና ፈትኑ።

9. ስትቀይሩና ከቀየራችሁ በኋላ

በምዝገባ ሳምንት አትቀይሩ። ግቢው ቀዝቀዝ የሚልበትን ጊዜ ምረጡ። የድሮ ሊንኮችን በሙሉ ዘርዝራችሁ ወደ አዲሶቹ በቋሚነት እንዲመሩ አድርጉ። ያለበለዚያ ሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰ ምርምራችሁ ሲከፈት ባዶ ገጽ ይሆናል። ባክአፕ ከሌላ ቦታ ይቀመጥ። ወርድፕረስም ሆነ ድሩፓል የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ከተጠቀማችሁ በየጊዜው ይታደስ፤ ያልታደሰ ሲስተም ላይ የቁማር ማስታወቂያ ሰርገው የሚያስገቡ አሉ። ፓስዎርዱም አንድ ሠራተኛ እጅ ብቻ አይቅር፤ እሱ ሥራ ሲቀይር ገጹ አብሮት እንዳይሄድ።

ቴሌግራሙን አትተዉት። ማስታወቂያ መጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ ይውጣ፤ ቻናሉ ላይ አጭር ጽሑፍና ሊንኩ ይለጠፍ። ድረ ገጹ ላይ ደግሞ ትክክለኛዎቹን ቻናሎቻችሁን ዘርዝሩ። በስማችሁ የተከፈተ ሐሰተኛ ቻናል ብር ሲጠይቀው ልጁ የሚያመሳክረው እዚያ ነው።

እያንዳንዱ ገጽ ባለቤት ይኑረው። ከገጹ ግርጌ «ለመጨረሻ ጊዜ የታየው» ተብሎ ቀንና የሥራ ክፍል ይጻፍ። የዶርም ገጽ የተማሪዎች አገልግሎት፣ የጨረታው የግዥ ክፍል፣ የትራንስክሪፕቱ የሬጅስትራር ነው። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ባለቤቱ ገጹን አንብቦ ቀኑን ያድስ። ካላደሰ አይሲቲ ያስታውሰው፤ አሁንም ካላደሰ ገጹ ይውረድና «ለዚህ ጉዳይ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ይተካበት። የበሩን ደብተርም አትዝጉት። ምደባ በወጣ ቁጥር ለጥበቃዎቹ አዲስ ደብተር ስጧቸው፤ ገጹ ላይ መልስ እያለው አሁንም በር ላይ የሚጠየቅ ነገር ካለ፣ ቀጥሎ የሚስተካከለው እሱ ነው።